‹እግዚአብሔር ይመስገን› ካልን በኋላ

የካንሰር ሕሙማን በሚታከሙበት ክፍል ደጃፍ ወረፋ ይዤ በተቀመጥሁባቸው ወራት አንድ ነገር ደጋግሜ ታዘብሁ። ሐኪሙ ከካርዱ ቀና ብሎ “እንዴት ሰነበቱ?” ሲል፣ ከወሎ ተጉዞ የመጣው ገበሬም፣ ሌሊቱን ሲያስመልሳት ያደረችው የልጆች እናትም፣ በጠዋት ከገርጂ የተነሣሁት እኔ ጡረተኛው መምህርም፣ አንድ የኔታ እንዳስቀጸሉን ደቀ መዛሙርት ሁላችን በአንድ ቃል “ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን” እንላለን። ሐኪሙም ከበሩ ውጭ የሚጠብቀው ሕዝብ ብዙ ነውና የሰማውን ተቀብሎ፣ በካርዱ ላይ ደኅንነታችንን ጫር አድርጎ፣ የሚቀጥለውን ዙር መድኃኒት ያዝዛል። እኛም እንዳመመን ገብተን እንዳመመን እንወጣለን።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህች ቃል ነው። በመከራ ውስጥ ሆኖ ፈጣሪን ማመስገን ከአባቶቻችን የወረስነው ጌጥ ነውና ማንም እንዲጥለው አልመክርም። ነገር ግን ምስጋና ለአምላክ የሚቀርብ መሥዋዕት ነው፤ ሐኪሙ የጠየቀው ደግሞ ስለ ሆድና ስለ አፍ፣ ስለ ጣትና ስለ ትኩሳት ነው። ሁለቱን በአንድ መልስ ስናሰናብት፣ መድኃኒቱ የሚያመጣብንን ሥቃይ ከደዌው ጋር የታዘዘ ዕጣ ክፍላችን አስመስለን ተሸክመነው እንኖራለን፤ ከዚያም ሸክም ብዙው ሊቀል የሚችል ነበር።

ከራሴ ልጀምር። አንገቴ ሥር የወጣችውን ንፍፊት ለብዙ ወር በብርድ እያሳበብሁ ከቆየሁ በኋላ፣ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ሊምፎማ የሚባለው የካንሰር ዓይነት ሆኖ ተገኘ። የታዘዘልኝም፣ ሕሙማን በአጭሩ ‹ኬሞ› የሚሉት ሕክምና፣ አራት መድኃኒቶች በአንድነት የሚሰጡበት፣ በየ21 ቀኑ የሚመላለስ፣ ስድስት ዙር ያለው ነበር። ሦስቱ በመጀመሪያው ቀን በደም ሥር ይገባሉ፤ አራተኛው፣ ፕሬድኒሶን የሚባለው ክኒን፣ ለአምስት ቀን ይዋጣል፤ እንቅልፍም ይነሣል። መምህር ነበርሁና በክንዴ የሚገባውን ነገር የትውልድ ሐረግ ሳላውቅ መቀመጥ አልሆነልኝም፤ እንቅልፍ ባጣሁባቸው በእነዚያ ሌሊቶችም ያነበብሁት ታሪክ፣ ሥቃዩ ከየት እንደሚመጣ የገለጠልኝ እርሱ ስለ ሆነ፣ በአጭሩ ለአንባቢ ላካፍል።

አባቴ በ1928 ዓ.ም ማይጨው ከዘመቱት አንዱ ነበር። መጋቢት 22 ቀን ከተደረገው ጦርነት በኋላ ሠራዊቱ በሐሸንጌ ሐይቅ በኩል ሲመለስ ከአውሮፕላን እንደ ዝናብ የወረደውን መርዝ፣ የሰውና የከብት ቆዳ እንዴት ይላጥ እንደ ነበረ፣ በእርጅናው ዘመን እንኳ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያው ዓመት ሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ከከሰሱበት ግፍ ዋናው ይኸው ነው። ይፐሪት ወይም የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለው ይህ መርዝ ግን ሌላም ጠባይ ነበረው፤ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በርሱ የሞቱትን የመረመሩ ሐኪሞች፣ መርዙ ነጭ የደም ሴሎችንና እነርሱ የሚፈጠሩበትን መቅን እንደሚያጠፋ አስተውለው ነበር። ይህንን በመከተል እ.ኤ.አ. በ1942 በአሜሪካ በየል ዩኒቨርሲቲ ሉዊስ ጉድማንና አልፍሬድ ጊልማን የተባሉ ሊቃውንት፣ የዚያን መርዝ የሥጋ ዘመድ ናይትሮጅን መስተርድ የሚባለውን አንድ የሊምፎማ ሕመምተኛ እንዲወስድ አደረጉ፤ እብጠቱም ለጊዜው ሟሸሸ። ዛሬ ለእኔ የሚሰጠኝ ሳይክሎፎስፋማይድ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በጀርመን አገር የተሠራ የዚያው ዘር ቅርንጫፍ ነው። አባቴ የሸሸውን ልጁ ክንዱን ዘርግቶ ተቀበለው።

ሁለተኛው ሕሙማን ‹ቀዩ› የሚሉት ዶክሶሩቢሲን ነው። ይህ በጣልያን አገር በአፑልያ ግዛት፣ ካስቴል ደል ሞንቴ ከሚባለው ጥንታዊ ግንብ አጠገብ ከተዘገነ አፈር በተገኘ ዐይን የማያየው ረቂቅ ፍጥረት ተነሥቶ የተሠራ ነው፤ አድርያማይሲን የሚለውንም የንግድ ስሙን ከአድርያቲክ ባሕር ወስዷል። ከዚያ ግንብ እምብዛም በማይርቀው በባሪ ወደብ እ.ኤ.አ. በ1943 መጨረሻ የጀርመን አውሮፕላኖች መርከቦችን በደበደቡ ጊዜ፣ በአንዲት የአሜሪካ መርከብ ሆድ በምሥጢር ተጭኖ የነበረ የሰናፍጭ መርዝ ፈስሶ ብዙ መርከበኞችንና የከተማውን ሰዎች ፈጅቶ ነበር። ኢጣልያ በእኛ ላይ ያዘነበችው ዓይነት መርዝ በገዛ ወደቧ እንደ ፈሰሰ፣ ከዚያው አውራጃ አፈርም ለእኔ መድኃኒት እንደ ወጣ ሳስብ ለረጅም ጊዜ መጽሐፉን ዘግቼ ተቀመጥሁ። ሦስተኛው ቪንክሪስቲን የማዳጋስካር ደሴት ተወላጅ ከሆነች አንዲት ትንሽ አበባ የተቀመመ ሲሆን፣ እርሱ በተለይ በነርቭ ላይ ይበረታል።

እንግዲህ የእነዚህ መድኃኒቶች ዋና ጠባይ ፈጥኖ የሚባዛውን ሴል ማሳደድ ነው። ካንሰር ፈጥኖ ይባዛል፤ ይሁን እንጂ የጸጉር ሥር፣ የአፍና የአንጀት ገበር፣ ደም የሚፈጠርበትም መቅን እንዲሁ ፈጥነው ይባዛሉና ስንዴውና እንክርዳዱ ባንድነት ይታጨዳሉ። ጸጉር የሚረግፈው፣ አፍ የሚቆስለው፣ ሆድ የሚገለበጠው፣ ሰውነትም ተላላፊ በሽታን የሚከላከልበት ኃይል የሚያጣው ስለዚህ ነው። በአማርኛችን ይህን ሁሉ ‹የጎንዮሽ ጉዳት› ብለን ጠርተነዋል፤ ከሐኪሙ ጠረጴዛ ሲታይም ዒላማው ካንሰሩ ነውና ስሙ አልተሳሳተም። ከሕመምተኛው አልጋ ሲታይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ንፍፊቷ ለወራት አንገቴ ላይ ስትቀመጥ አንድ ቀን እንኳ አላመመችኝም ነበር፤ ያሳመመኝ መድኃኒቱ ነው። ስለዚህ ሰው “ካንሰር እንዴት ያደርጋል?” ሲለኝ የምነግረው ሁሉ የኬሞው ታሪክ ይሆንብኛል።

የመጀመሪያውን ዙር ወስጄ የተመለስሁት በባቡር ነበር። በ2008 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የሚሄደው ባቡር በእኛ በምሥራቁ የከተማ ክፍል ለምንኖር ለብዙዎቻችን የሐኪም ቤት መንገድ ነው፤ በየጠዋቱ የካርድ ወረቀት በፌስታል ጠቅልሎ የያዘ ሰው አይታጣበትም። ከስታዲየም ተሳፍሬ እስጢፋኖስንና ባምቢስን እንዳለፍን፣ ጉሮሮዬ ድረስ የደረሰውን ነገር መመለስ አቃተኝና ልጄ ‹ምናልባት› ብላ ኪሴ የከተተችልኝን ፌስታል አውጥቼ አፌን ከተትሁበት። ሰዉ ሸሸት አለ፤ ከኋላዬም አንዱ፣ እኩለ ቀን ሳይሞላ፣ “ጠጥተው ነው መሰለኝ” ሲል ሰማሁ። አንዲት የተማሪ ደብተር የያዘች ልጅ ግን “አባባ፣ ይቀመጡ” ብላ ወንበሯን ለቀቀችልኝ፤ ከቦርሳዋም ማስቲካ አውጥታ በመዳፌ ላይ አኖረችልኝ። ዑራኤል ስንደርስ ዐይኔን ጨፍኜ ነበር፤ የጨፈንሁት ከማቅለሽለሹ ይልቅ ከሐፍረቱ የተነሣ ነው።

በዚያው ምሽት ሽንቴ እንደ ቀይ ሥር ውኃ ሆኖ ወረደ። ደም መስሎኝ፣ የመጨረሻዬም መስሎኝ፣ ማንንም ሳልቀሰቅስ እስኪነጋ በጸሎት አደርሁ። ቀዩ መድኃኒት ለአንድና ለሁለት ቀን ሽንትን የሚያቀላ መሆኑን፣ ይህም ጉዳት የሌለው መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ግሉኮሱ ሲንጠባጠብ በአጠገቤ የቆመ ሰው አንዲት ዐረፍተ ነገር ቢነግረኝ ኖሮ ያ ሌሊት አይኖርም ነበር፤ እኔም በማግሥቱ ስልክ አንሥቼ ብጠይቅ ኖሮ የሚቀጥለው ቀን ጭንቀት አይኖርም ነበር። ይህን የምለው ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ ዝምታው ከሁለት ወገን እንደ ነበረ ለማሳየት ነው። ማስመለሱም እንዲሁ ነው። ኦንዳንሴትሮን የሚባለው ፀረ ማስመለስ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ ከተፈቀደ ወዲህ የኬሞ ሕክምና መልኩ ተለውጧል፤ ነገር ግን ክኒኑ የሚጠቅመው አስቀድሞ በሰዓቱ ሲዋጥ እንጂ ሆድ ከተገለበጠ በኋላ ሲፈለግ አለመሆኑን የሚነግረን ሰው እስኪገኝ፣ እኔን የመሰሉ ሞኞች ‹እስኪብስብኝ ላቆየው› እያልን በመሳቢያ ውስጥ እናስቀምጠዋለን።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ሽታ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የቤት ሽታ ብዬ የማውቀው የሽንኩርት ቁሌት፣ በጋራ መኖሪያ ቤታችን ደረጃ ላይ ከየበሩ ሲወጣ፣ ጠላት ሆነብኝ፤ የቡና መቁላት ጢስ ከቤት አስወጣኝ፤ ዕጣኑን እንኳ ልጄ ወደ በረንዳ አዛወረችው። አፌ በቆሰለ ጊዜ በርበሬ የነካው ወጥ እሳት ሆነ፤ የእንጀራው ኮምጣጣነት እንኳ ቁስሉን ይለበልበው ነበር። ያቆየኝ የቀዘቀዘ ገንፎ፣ አጥሚት፣ ድንች በአልጫ ነው፤ አፌንም በቀን ብዙ ጊዜ ጨው በገባበት ለብ ያለ ውኃ እጉመጠመጥ ነበር። ወራቱ ዐቢይ ጾም ነበርና መጾም እንዳለብኝ ሳስብ የንስሓ አባቴ “ደዌህ ጾምህ ነው” ብለው ወተቱንም እንቁላሉንም ፈቀዱልኝ። በፋሲካ ዕለት ደግሞ ገርጂ ሥጋ ቤት ሁሉ በቁርጥ ሲደምቅ እኔ በደንብ የበሰለ ሥጋ በሳሕን ተሰጠኝ፤ ነጭ የደም ሴል ላነሰው ሰው ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት የሚያመጡት ተሐዋስያን ቀላል ጠላት አይደሉምና። ጠያቂም ቢሆን፣ በፍቅር መጥቶ ጉንፋኑን በጉንጬ ላይ ስሞ ትቶልኝ የሚሄድ ከሆነ፣ ከበሩ ላይ ቆሞ “እግዚአብሔር ይማርህ” ቢለኝ ይበልጥ ይወደኛል።

ጸጉሬ ረገፈና ልጄ ቀሪውን ላጨችልኝ። በማግሥቱ ጠዋት ወደ ሱቅ ስወርድ አንዲት ጎረቤቴ ደንግጣ “ውይ ጋሼ፣ ማን ሞተብዎ?” አለችኝ፤ በአገራችን ልማድ የተላጨ ራስ የኀዘን ምልክት ነውና። “ገና አልሞተም” አልኋትና ሁለታችንም ሳቅን። ካንሰር እንደ ሆነ ግን አልነገርኋትም። ይህም መሸሸግ ወደ ሞት አፋፍ እንዳደረሰኝ እነሆ እናገራለሁ።

ሁለተኛውን ዙር በወሰድሁ በዐሥረኛው ቀን ሌሊት ብርድ ብርድ አለኝ። ነጭ የደም ሴሎች እጅግ የሚያንሱት ከሰባተኛው እስከ ዐሥራ አራተኛው ቀን ገደማ መሆኑን፣ በዚያም ጊዜ ትኩሳት 38 ዲግሪ ከደረሰ ሰዓት ሳይባክን ሐኪም ቤት መሄድ እንደሚገባ በወረቀት ተጽፎ ተሰጥቶኝ ነበር፤ ወረቀቱ ግን በመሳቢያ ውስጥ ነው። ልጄን በማለዳ ሥራ አለባት ብዬ ሳልቀሰቅሳት ጋቢ ላይ ጋቢ ደርቤ አደርሁ። ሲነጋ በሰፈራችን ወዳለ አንድ ክሊኒክ በእግሬ ሄድሁ፤ ደም ሰጠሁ፤ “ታይፎይድ ነው” ተባልሁና ክኒን ይዤ ተመለስሁ። ያችን ክሊኒክ አልነቅፋትም፤ ኬሞ ላይ መሆኔን አልነገርኋቸውማ! ካርድ የምታወጣው ልጅ የጎረቤት ልጅ ስለ ሆነች ‹ካንሰር› የሚለው ቃል ከአፌ እንዳይወጣ ነበር የተጠነቀቅሁት። ማታ ልጄ ከሥራ ስትመለስ ግንባሬን ነክታ ደነገጠች፤ ከፋርማሲ ገዝታ ባመጣችው ቴርሞሜትር ስትለካኝ 39 ከ2 ሆነ። በራይድ ወደ ሐኪም ቤት ተወሰድሁ፤ ነጭ ደሜ ባዶ ሊባል የሚችል ነበር። ስድስት ቀን በደም ሥር መድኃኒት ተኛሁ። ተረኛዋ ሐኪም ታይፎይዱን ስነግራት ሌላ ቃል አልተናገረችም፤ “አባቴ፣ ሰዓቱን ነው የሰረቁን” ብቻ አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ተማርህ ወይ ብትሉኝ፣ አልተማርሁም። በሦስተኛው ዙር የጣቶቼ ጫፎች ደነዘዙ። ዘወትር ማታ የምጸልይበት 41 ፍሬ ያለው መቁጠሪያ አለኝ፤ እንጨቱ ከብዙ ዘመን መዳሰስ የተነሣ ልስልስ ያለ ነው። አንድ ማታ ‹እግዚኦ› እያልሁ ስቆጥር ፍሬው በጣቴ መካከል ማለፉንና አለማለፉን መለየት አቃተኝ፤ ቆጠራዬ ጠፋብኝ፤ እንደገና ጀመርሁ፤ እንደገና ጠፋ። በመጨረሻ በዐይኔ እያየሁ ቆጠርሁ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙ “እንዴት ሰነበቱ?” ሲለኝ ግን፣ እንደ ልማዴ “ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን” አልሁ። በዚያው ልክ ሌላ ዙር ተሰጠኝ፤ ድንዛዜው እስከ መዳፌ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ልጄ አብራኝ መግባት ጀመረች፤ እኔ ምስጋናዬን ጨርሼ ሳልዘጋው “ዶክተር፣ አባዬ እኮ ሸሚዙን መቆለፍ አቅቶታል” አለች። ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ እየነካ ዐይኔን አስጨፍኖ ጠየቀኝ፤ የቪንክሪስቲኑንም መጠን በግማሽ ቀነሰው። “ቀድመው ቢነግሩኝ ቀድሜ እቀንሰው ነበር” አለ፤ በቁጣ ሳይሆን በድካም።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ብለው አባቶቻችን ተርተዋል። ተረቱን ሁላችን እናውቀዋለን፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ራሱ ለሚያመጣው ሕመም የሚሠራ አይመስለንም። ካንሰሩን ለሐኪም ከገለጥን ግዴታችንን የፈጸምን፣ ከዚያ ወዲያ የሚመጣውን ደግሞ መቻል ብቻ የቀረልን ይመስለናል። ‹ቻለው› የምንለው ምክር ከዚህ የመጣ ነው። ትዕግሥትንም ስንጠቅስ ጻድቁ ኢዮብን እንጠራለን። እኔም በተኛሁባቸው ስድስት ቀናት መጽሐፈ ኢዮብን ደግሜ አነበብሁትና፣ ዝም ያለ ሰው የምንፈልግበት ያ መጽሐፍ ካሉት 42 ምዕራፎች አብዛኛዎቹ በንግግር የተሞሉ መሆናቸውን አስተዋልሁ። ኢዮብ ከሦስተኛው ምዕራፍ ጀምሮ አፉን ከፍቶ ቁስሉን፣ ሌሊቱን፣ ቆዳውን፣ አጥንቱን እየቆጠረ ይናገራል። የታገሠው ሕመሙን በመሸሸግ አልነበረም፤ እየተናገረ አምላኩን ባለመተው ነበር። ዝም በል ያሉት ወዳጆቹ ናቸው፤ በመጨረሻም የተወቀሱት እነርሱ ናቸው።

በዚህ ሐሳቤ ላይ ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች አሉ፤ ክብደት ያላቸውም ናቸው። አንደኛው፣ ሐኪሙ ይህን ሁሉ የሚሰማበት ጊዜ የለውም የሚለው ነው። እውነት ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2020 ባወጣው ግምት በአገራችን በአንድ ዓመት ውስጥ ከ77 ሺህ የሚበልጥ አዲስ የካንሰር ሕመምተኛ አለ፤ ይህን ሕዝብ የሚያክሙ ስፔሻሊስቶች ግን ለብዙ ዘመን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ1990 ዓ.ም አካባቢ ያቋቋመው የጨረር ሕክምና ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል ለአገሩ በሙሉ ብቸኛው ስለ ነበረ፣ ለጨረር ተራ የሚጠብቅ ሰው ወራት ይቆጥር ነበር። በእንዲህ ያለ ወረፋ ውስጥ ‹አፌ ቆስሏል› ማለት ቅንጦት ይመስላል። ነገር ግን ስድስት ቀን አልጋ ይዤ የጨረስሁት መድኃኒትና የሐኪሞች ድካም፣ በመጀመሪያው ሌሊት አንዲት ስልክ ብደውል ከሚፈጀው ጊዜ ስንት እጥፍ እንደሚበልጥ ማስላት አያዳግትም። መናገር የሐኪሙን ጊዜ ይቆጥባል።

ሁለተኛው ተቃውሞ በሹክሹክታ የሚነገር ነው፤ ‹ብናገር መድኃኒቱን ያቆሙብኛል› የሚል። ይህን ከብዙ ሕሙማን ሰምቻለሁ፤ እኔም አስቤዋለሁ። ሆኖም መጠን መቀነስ፣ ቀጠሮ በሳምንት ማራዘም፣ ሌላ መድኃኒት መጨመር የሕክምናው ጥበብ አካል ነው፤ ሕክምና ተቋርጦ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ሕመምተኛው ተሸክሞ ተሸክሞ አንድ ቀን ከቀጠሮ ሲጠፋ ነው። ሦስተኛው የጸበል ነገር ነው። ብዙዎች ሥቃዩ ሲበዛባቸው መድኃኒቱን ጥለው ወደ ጸበል ይሄዳሉ። እኔ ጸበልን የምነቅፍ ሰው አይደለሁም፤ ቦሌ መድኃኔ ዓለም ደጁን የምሳለም ነኝ። ነገር ግን በኤች አይ ቪ ዘመን ተመሳሳይ ክርክር ተነሥቶ፣ በ1999 ዓ.ም ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ በአደባባይ መናገራቸውን ማስታወስ ይበቃል። ወደ እንጦጦ ጸበል ለሚሄደው የኤች አይ ቪ ሕመምተኛ የተፈቀደው ለኬሞ ሕመምተኛ የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም። እንደዚሁም ጥቁር አዝሙድም ይሁን ሌላ ባህላዊ ዕፅ የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ይናገር፤ ከመድኃኒቱ ጋር የሚጣላ አለና።

ቦሌ የሚለው ስም ለእኛ ለከተማው ሰዎች የሰፈር ስም ብቻ አይደለም፤ ‹በቦሌ ወጣ› ስንል ወደ ውጭ አገር ሄደ ማለታችን ነው። አቅም ያለው፣ ወይም ዘመድ አዋጥቶ የላከው ሕመምተኛ በቦሌ ወጥቶ ወደ ሕንድ ወይም ወደ ታይላንድ ይሄዳል፤ ታክሞም ይመለሳል። አውሮፕላኑ በጣሪያችን ላይ ሲያልፍ አንዳንዴ ቀና ብዬ ‹ማን ይሆን?› እላለሁ። ነገር ግን በዐሥረኛው ቀን የሚመጣው ትኩሳት ያንን ሰው የሚያገኘው በባንኮክ አይደለም፤ ጎሮ ወይም ሰሚት ባለው በገዛ አልጋው ላይ ነው። ከክፍለ ሀገር የሚመጣውን ድኻ ደግሞ በተከራያት ጠባብ አልጋ ላይ ያገኘዋል። ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡት አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው በልጃቸው ስም በ1996 ዓ.ም ያቋቋሙት የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከየክፍለ ሀገሩ ለሚመጡ ሕሙማን ማረፊያ መስጠቱ የዚህ ነገር ምሥጢር ከገባቸው ጥቂቶች አንዱ ያደርገዋል፤ ካንሰር በሐኪም ቤት ለአንድ ቀን ይታከማል፤ በቤት ለሃያ ቀን ይታመማል።

እንግዲህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ኬሞ የሚሰጥበት ክፍል ሁሉ ሕመምተኛውን ‹እንዴት ሰነበቱ› ብሎ በደፈናው ከመጠየቅ ይልቅ፣ ነርሷ በእጇ በያዘችው ወረቀት ስንት ጊዜ አስመለሰዎ፣ አፍዎ ቆስሏል ወይ፣ ጣትዎ ደንዝዟል ወይ፣ ሆድዎ ደርቋል ወይ፣ ትኩሳት ነበረዎ ወይ እያለች አንድ በአንድ ትጠይቅ፤ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ‹እግዚአብሔር ይመስገን› መልስ ሊሆን አይችልምና። ፀረ ማስመለሱ ክኒን ሕመምተኛው ከፋርማሲ ፋርማሲ ዞሮ የሚፈልገው ሳይሆን ከኬሞው ጋር አብሮ የሚሰጥ ይሁን። ሌሊት የሚነሣ አንድ ስልክ ይኑር። ሕመምተኛውም በበኩሉ ከቤተ ሰቡ አንድ ሰው ይዞ ይግባ፤ እኛ የምንሸሽገውን የሚናገር።

የቀረው የጎረቤት ድርሻ ነው። የሰፈራችን ዕድር ባለፈው ወር ሲሰበሰብ ተነሥቼ ካንሰር እንደ ያዘኝ በሕዝብ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገርሁ፤ ቀጥዬም “ዕድራችን ለሞት ድንኳን አለው፤ ለትኩሳት ግን ቴርሞሜትር የለውም” አልሁ። አንዳንዱ ሳቀ፤ አንድ ሽማግሌም ዕድር ለቀብር የተቋቋመ እንጂ ለሕመም እንዳልሆነ ደንቡን ጠቅሰው ተከራከሩ። ብዙ ከተባለ በኋላ ዳኛው፣ ሌሊት ሐኪም ቤት ለሚሄድ አባል የታክሲ ገንዘብ በብድር እንዲሰጥ፣ ሁለት ቴርሞሜትርም እንዲገዛ አስወሰኑ። ዛሬ ቴርሞሜትሮቹ በዕድሩ ዕቃ ቤት፣ ከድንኳኑና ከአግዳሚ ወንበሮቹ ጎን፣ በጸሐፊው መዝገብ ቁጥር ተሰጥቷቸው ተቀምጠዋል።

አንደኛው በመጀመሪያው ሳምንት ተፈለገ። ከእኛ ሁለት ደረጃ ከፍ ብላ የምትኖር፣ የጡት ካንሰር ኬሞ የጀመረች ወጣት ሴት መኖሯን የነገረችኝ ያችው ‹ማን ሞተብዎ› ያለችኝ ጎረቤቴ ናት። ቴርሞሜትሩን ይዤ ወጣሁ፤ በሩ ላይ ቆምሁ፤ አልሳምኋትም። ራሷን በነጠላ ሸፍና በሶፋው ጥግ ተቀምጣለች። “እንዴት ዋልሽ ልጄ?” አልኋት።

“ደኅና ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይመስገን” አለች።

“ይመስገን” አልሁ፤ ወንበር ስቤም በሩ አጠገብ ተቀመጥሁ። “ከዚያስ?”